ቅብጠት ነው ብዬ ቆነጠጥኩት

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ተቀምጠን ልጄ ሁለቴ ሳይጎርስ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ሊያባርር ሮጠ። «ቅብጠት ነው፤ ቆንጠጥ አድርጊው» አሉኝ አማቴ። ቆነጠጥኩት። ምንም አልተለወጠም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከእኔ ተማሩ፤ ቅብጠት የሚመስለው ኤዲኤችዲ የሚባል ትኩረት የማጣትና ያለመረጋጋት ችግር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ደብተር ያዙና መዝግቡ። ምን ጣለ? የቤት ሥራውን የት ላይ አቋረጠው? ወረፋ መጠበቅ ያቅተዋል? ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ ይመልሳል? የእኔው በአንድ ወር አራት እርሳስና አንድ ጫማ ጥሏል። አንድ እግር ብቻ! እንዴት እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።

መምህሩንም ጠይቁ። ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ከጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር ከቆዩና ቤትም ትምህርት ቤትም ከታዩ ነው። በደም ምርመራ አይታወቅም። ዓይኑንና ጆሮውን ግን አስመርምሩ፤ እንቅልፉንም ተከታተሉ።

ዝም ብላ በመስኮት የምታይ ልጅ ካለቻችሁም ልብ በሉ። እሷም ኤዲኤችዲ ሊኖርባት ይችላል፤ ስለማትረብሽ ግን ማንም አያያትም።

ትእዛዝ አንድ በአንድ ስጡ። «ጫማህን አድርግ።» ካደረገ በኋላ፣ «ቦርሳህን ያዝ።» ባጃጁ ደጅ ላይ ጡሩምባውን እያንባረቀም ቢሆን።