ያለእኩልነት በቃላት ፕሮብሌም ሲመጣ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ደሴ ውስጥ ማታ ማታ የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። ያለእኩልነት ላይ (በ≥ ወይም በ≤ ዓይነት ምልክት የሚጻፈው ማነጻጸሪያ) ስንደርስ ስሌቱን አሳምረው የሚሠሩት ሳይቀሩ ጥያቄው በቃላት ሲመጣ ይጠፋባቸዋል። ደብተራቸውን ሳገላብጥ ግን ብዙዎቹ የሚስቱት ገና ጥያቄውን ሲያነቡ ነው። አብሽሩ፣ የሚስተካከል ነገር ነው።

ምልክቱ ገና ሲጻፍ ተገልብጧል

ትልቁ ችግር ይሄ ነው፤ መነሻውም ቃሉ ራሱ ነው። ባለፈው አንዷ የ8ኛ ክፍል ልጅ «ቢያንስ 2,000 ብር ይቀረው» የሚለውን አንብባ፣ ከ«ቢያንስ» ውስጥ «ያንስ» የሚለውን በእርሳስ አስምራ < ጻፈች። «ቢበዛ» ሲባልም «በዛ» ስላለ > ያደርጋሉ። ነገሩ ተቃራኒ ነው። «ቢያንስ» እና «አያንስም» ≥ (ይበልጣል ወይም እኩል ነው) ናቸው። «ቢበዛ» እና «አይበልጥም» ደግሞ ≤ (ያንሳል ወይም እኩል ነው)። መሸምደዱ ፈተና ላይ ይከዳል፣ ይልቅ ቁጥር ሞክሩ። 2,000 ቢቀረው ይስማማል? አዎ። 3,000ስ? አዎ። 1,500ስ? አይ። በቃ፣ ≥ ነው።

በትክክል ተጽፎ መሀል ላይ ተበላሸ

የባቲን የሰኞ ገበያ እንውሰድ። አንድ ሰው 25,000 ብር ይዞ ፍየል ሊገዛ ወጣ፣ አንዷ 5,500 ብር ናት እንበል፣ ለመጫኛና ለመመለሻ ደግሞ ቢያንስ 2,000 እንዲቀረው ይፈልጋል። የፍየሎቹን ብዛት «ቀ» ብንለው፦

25,000 − 5,500ቀ ≥ 2,000
−5,500ቀ ≥ −23,000

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። በኔጌቲቭ ቁጥር ስታካፍሉ ምልክቱ ይዞራል፣ ቀ ≤ 4.18 ገደማ ይሆናል። ያላዞረው ልጅ ≥ ይዞ ይቀራል፤ እንደሱ መልስ ሰውየው በዚያው ብር 100 ፍየልም ይገዛል ማለት ነው። ለምን ይዞራል ለምትሉ፣ 2 ከ5 ያንሳል አይደል? ሁለቱንም በ−1 አባዙ፤ −2 ከ−5 ይበልጣል። ኔጌቲቩ የሚያምታታችሁ ከሆነ 5,500ቀን ወደ ቀኝ አሻግሩትና 23,000 ≥ 5,500ቀ በሉ። ማዞር የሚባል ነገር አይኖርም። እኔ ለልጆቹ ይሄኛውን እመርጥላቸዋለሁ።

መልሱ 4.18 ፍየል ሆነ

ፍየል ተቆርሶ አይሸጥም፣ ስለዚህ 4 ነው። ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው ብላችሁ እንዳትይዙት። 50 ተማሪዎች ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ሊሄዱ ቢነሱና አንድ ሚኒባስ ቢበዛ 12 ሰው ቢጭን፣ አሁን «ቀ» የሚኒባሶቹ ብዛት ነው፤ ሁሉም እንዲሄዱ ቢያንስ 50 ሰው መጫን ስላለባቸው 12ቀ ≥ 50 ነው፣ ቀ ≥ 4.17 ገደማ። 4 መኪና ካላችሁ 2 ልጆች መናኸሪያ ቆመው ይቀራሉ። 5 መኪና ያስፈልጋል።

ደብተራችሁን ከመክደናችሁ በፊት ግን መልሱንና ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ወደ ጥያቄው መልሳችሁ አስገቡ። 4 ፍየል ሲገዛ 3,000 ብር ይተርፈዋል። በ5ኛዋ 2,500 ብር ይጎድለዋል።