ሲሞቅ የሚጠፋው ባለ ሁለት ምት ሣር ማጨጃ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንድ ግቢ የሚሠራው አሮጌ ሣር ማጨጃ ጠዋት ያለ ችግር ይነሣና፣ ሲሞቅ ጉልበቱ እየደከመ ሄዶ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ውስጥ ሲገባ ይጠፋ ነበር። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ታጥቧል፣ ካንዴላውም ተቀይሯል፤ ለውጥ ግን አልመጣም።

እንዲህ ያለው ትንሽ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ማለትም ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ነዳጅ የሚያቃጥለው፣ እንደ ባለ አራት ምቱ የመግቢያና የመውጫ ቫልቭም ሆነ የዘይት ማጠራቀሚያ የለውም፤ ዕድሜ የሚሰጠውም ይኸው ቀላልነቱ ይመስለኛል። ነገር ግን ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ውስጡን እያለሰለሰ አብሮ ስለሚቃጠል፣ የሚተርፈው ጥቀርሻ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን የጭስ መውጫ ቀዳዳ ከጊዜ ብዛት ያጠብበዋል፤ ያኔ የተቃጠለው ጋዝ ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ ለአዲሱ የነዳጅና የአየር ድብልቅ በቂ ቦታ አይኖርም፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል።

የካንዴላውን ሽቦ ነቅዬ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ስፈታ ቀዳዳው ከግማሽ በላይ ተደፍኖ አገኘሁት። ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ፒስተኑን ቀዳዳውን እስኪሸፍን ድረስ አዙሬ፣ ጥቀርሻውን በተሳለ እንጨት ቀስ እያልኩ ፋቅሁት፤ ብረት ፒስተኑን ስለሚጭር አልመክረውም። የማርሚታው ውስጥም ተጠርጓል።

ዘይቱ በግምት ይጨመር ስለነበር የሞተሩን መመሪያ ተከትዬ 25 ለ 1፣ ማለትም በ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት አደረግሁት። የስፖንጁ አየር ማጣሪያ ግን፣ የድሬዳዋ አቧራ የሚታወቅ ነውና፣ ከእያንዳንዱ አጨዳ በኋላ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆና በጥቂት ዘይት ርሶ ሊመለስ ይገባል። ማሽኑ አሁን በቀትር ሙቀትም ሳይጠፋ ያጭዳል።