ነፋሱ ከፊት ሲመጣ፦ በቀይ ባሕር ወደ ሰሜን የሚመለስ ባለ ሸራ ጀልባ ጉዞው እንዴት ይታቀዳል

ቢሾፍቱ ባቦጋያ ተምረው በውጭ መርከቦች የሚሠሩ ወጣቶች ለእረፍት ሲመጡ ለገጣፎ ያለው ቤቴ ይጎበኙኛል። የባሕር ካርታውን ጠረጴዛ ላይ እንደዘረጋሁ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ጋሼ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ከሆነ ሸራው ምን ይሠራል?» በትልቅ መርከብ ላይ ሞተሩ ነፋሱን ስለሚያሸንፍ ጥያቄው አይነሳም፤ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ሜዲትራኒያን ቤቱ የሚመለስ ባለ ሸራ ጀልባ ግን ከቀይ ባሕር እኩሌታ ጀምሮ መልሱን ካላወቀ አይደርስም። ዕቅዱም ባሕር ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ማለቅ አለበት።

መጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ። ከሰሜን ኬክሮስ 20 ዲግሪ፣ ማለትም ከፖርት ሱዳን አካባቢ ወደ ላይ፣ ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። ከዚያ በታች ግን በግምት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚመጣ ጀልባዋን ከኋላ ይገፋታል፤ በክረምት ይህ እርዳታ የለም። ስለዚህ ከጅቡቲ በየካቲት ወይም በመጋቢት መነሳት ይሻላል። ጥንት ከአዱሊስና ከሕንድ የሚመጣው ሸቀጥ እስከ ባሕሩ ሰሜናዊ ጫፍ ከመግፋት ይልቅ በግብፅ ዳርቻ በረኒቄ ላይ እየተራገፈ በግመል ወደ ዓባይ ይሻገር የነበረበት አንዱ ምክንያት ይኸው የሰሜን ነፋስ ነው።

ቀጥሎ እውነተኛውን ርቀት ያስሉ። ሸራ በቀጥታ ወደ ነፋሱ አይሄድም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያገደመ ይወጣል። በጸጥተኛ ውኃ ከነፋሱ በ45 ዲግሪ ማገደም ቢቻል መንገዱ በ1.4 እጥፍ ይረዝማል። የቀይ ባሕር ማዕበል ግን አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ጀልባዋን እየመታ ያቆማታል፤ ስለዚህ 60 ዲግሪ ብሎ ማሰብ ከእውነቱ ይቀርባል፤ ያን ጊዜ መንገዱ እጥፍ ይሆናል። በካርታው ላይ 40 የባሕር ማይል የሆነ ጉዞ 80 ይሆናል ማለት ነው፤ በ5 ኖት ፍጥነት (በሰዓት 5 የባሕር ማይል) 16 ሰዓት ይፈጃል።

ከሁሉም የሚከብደው የመነሻ ሰዓት ነው፤ ነፋሱና ፀሐይዋ የሚፈልጉት ሰዓት ሁልጊዜ አይገጥምምና። በሱዳንና በግብፅ ዳርቻ «መርሳ» የሚባሉ የተከለሉ ወሽመጦች አሉ፤ ነፋሱ ሲበረታ መልሕቅ ተጥሎ የሚታረፈው በእነርሱ ነው። በሌሊት ከየብስ የሚመጣው ነፋስ ዋናውን ነፋስ ወደ ምዕራብ ያዘነብለዋል፤ ይህን ይዞ ወደ ባሕሩ መሃል መውጣት ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚያደላ ወደ ዳርቻው መመለስን ያቀላል። ነፋሱን ብቻ ያየ ሰው ስለዚህ ወደ መርሳው አመሻሹ ላይ ይደርሳል። ያኔ ግን ፀሐይዋ በምዕራብ ፊት ለፊት ስለምትሆን ውኃው እንደ መስታወት ያበራል፣ ከሥሩ ያለው ኮራልም (የባሕር እንስሳት የሠሩት ዐለት) አይታይም። ፀሐይዋ ከኋላና ከፍ ስትል ግን ጥልቁ ውኃ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥልቀት የሌለው አሸዋ አረንጓዴ፣ ኮራሉ ቡናማ ሆኖ ከፊት ለቆመ ሰው ይለያል። ስለዚህ ስሌቱ ከመድረሻው ወደ ኋላ ይጀመር፦ ከረፋዱ 4 ሰዓት ለመድረስ፣ ከላይ ያለውን 16 ሰዓት ቀንሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ይነሳሉ። የዘገየ ጀልባ ደግሞ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ውጭ ይጠብቅ። ኤሌክትሮኒክ ካርታን በዚህ ቦታ ብቻውን ማመን አልመክርም፤ በዚያ ዳርቻ የካርታው ቦታና የድንጋዩ ቦታ የሚለያዩበት አለ።

ናፍጣና ውኃ ከስሌቱ በላይ ይያዝ፤ ነፋሱ ጋብ ሲል ሞተር አስነስቶ በቀጥታ መሄድ ብዙ መንገድ ያተርፋል። በባብ ኤል መንደብ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በመርከቦች ላይ ጥቃት ስለደረሰና በሱዳንም በ2015 ዓ.ም. ጦርነት ስለተነሳ፣ የወቅቱን የጸጥታ ማስጠንቀቂያ ሳያነቡ የትኛውንም መርሳ በዕቅድ አያስገቡ።

የመጨረሻው የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ነው። በሁለት ተራሮች መካከል የጠበበ ስለሆነ ነፋሱ ይበረታል፤ የነዳጅ ጉድጓድ መድረኮችና ትላልቅ መርከቦችም ይበዙበታል። እዚያ ከመግባትዎ በፊት የአየር ትንበያው ጸጥታ እስኪያሳይ በሁርጋዳ አካባቢ ለመጠበቅ የሚበቃ ቀንና ምግብ በዕቅዱ ውስጥ ይተዉ።