መብራት ሲጠፋ የሚዘጋ ሒሳብ

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሒሳብ ስዘጋ ኖሬአለሁ። የራሴን መዝጋት የጀመርኩት ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቶበት በጨለማ በተቀመጥንበት ምሽት ነው። ዘዴውን ያገኘሁት ከሴኔካ ነው።

ሴኔካ በዛሬዋ ስፔን፣ በኮርዶባ የተወለደ የሮም ፈላስፋ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ41 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስ ወደ ኮርሲካ ደሴት አጋዘው። ከስምንት ዓመት በኋላ ተመልሶ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው የኔሮ አስተማሪ ሆነ፤ በ65 ዓ.ም. ያው ተማሪው ራስህን ግደል ብሎ አዘዘው። ስለ ቁጣ የጻፈው ለወንድሙ ነው። ወንድሙን እናውቀዋለን፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 የጳውሎስን ከሳሾች ከፍርድ ወንበር ያባረረው አገረ ገዥ ጋልዮስ ነው።

ሴኔካ በዚያ ጽሑፍ የማታ ልማዱን ይናገራል። መብራቱ ይነሣል፤ ልማዱን የምታውቅ ሚስቱ ዝም ትላለች፤ እርሱ ቀኑን ሙሉ የሠራውንና የተናገረውን ይመረምራል። ጥያቄዎቹን ሴክስቲዩስ ከተባለ ፈላስፋ ነው የወሰደው፦ ዛሬ የትኛውን ሕመምህን አከምክ? የትኛውን ክፋት ተቋቋምክ? በምን ተሻልክ?

ልትሞክሩት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ለቤተሰብ ንገሩ። እኔ ሳልናገር ጀምሬ ባለቤቴ ሦስት ሌሊት ያኮረፍኩ መስሏት «ምን አስቀየምኩህ?» ብላኛለች። ስልኩን አርቁ። ከዚያ ቀኑን ከማለዳው ጀምራችሁ እንደ ደረሰኝ አንድ በአንድ ግለጡ። «ዛሬ ክፉ ነበርኩ» የሚባል ምዝገባ የለም። ለማን? ስንት ሰዓት ላይ? በየትኛው ቃል?

የእኔ ይህን ይመስል ነበር። ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ካዝናው 1,200 ብር ጎደለ። ገንዘብ ያዡን ደንበኞች እያዩ «ቁጥር የማታውቅ!» አልኩት። ይህን ለማስታወስ ጨለማ አያስፈልገኝም ነበር። ጨለማው ያወጣብኝ ቀጥሎ ያለውን ነው፦ አንዱን የገቢ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደርሼበት፣ ለማንም ሳልናገር አርሜ፣ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ስድቡ ከአፍ ያመለጠ ነው ሊባል ይችላል። ዝምታው ግን ታስቦበት የተደረገ ነው። ስለዚህ ትልቁን ጥፋት ስታገኙ አትቁሙ፤ ከሥሩ ያለውን ትንሹን እዩ።

ሴኔካም አንዱን ሰው ከሚገባው በላይ በድፍረት መገሠጹን አስታውሶ ራሱን ይወቅሳል፤ አስቀየመው እንጂ አላረመውም። ወደፊት የምትናገረው እውነት መሆኑን ብቻ ሳይሆን ሰሚው እውነትን መሸከም መቻሉንም ተመልከት ይላል። የእኔ እውነትም አልነበረበትም።

መዝጊያውን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። ሴኔካ ራሱን «ዳግመኛ እንዳታደርገው፤ ለአሁኑ ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎ ይተኛል። እኔ ይህን ትቼ በደብተር ስጽፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ የሙሾ መጽሐፍ ሆነ። ወረቀቱን ተውኩት። የተዘጋ ወር አይከፈትም።

የሰው ዕዳ ግን ወደ ማግስቱ ይዞራል። ይህቺ የእኔ ጭማሪ ናት። የሴኔካን የራሱን መዝገብ ባየው እኔ አልፈርምበትም፤ እጅግ ሀብታም ነበር፣ ኔሮ እናቱን ባስገደለ ጊዜም ግድያውን ለማስተባበል ለሮም ምክር ቤት የተላከውን ደብዳቤ ጽፏል ተብሎ ታምቷል። ዘዴው ግን ይሠራል።

ረቡዕ ጠዋት ደንበኞች እስኪገቡ ጠበቅሁ፤ ስድቡ በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን ነበረበት። ደረሰኙን አሳየሁት፤ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ድምፄን ሳልቀንስ ነገርኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ አየው።

«እኔ እኮ ጋሼ፣» አለኝ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ስቆጥር ነው ያደርኩት።»