የቀደሙትን ሱፊ ሴቶች ታሪክ እንዴት እናንብብ?

ስለ ሱፊ ሴቶች፣ ማለትም በእስልምና የመንፈሳዊነትን መንገድ ስለተከተሉ ሴቶች ማንበብ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በታዋቂዋ የባስራ ሱፊ በራቢያ አል-አደዊያ ይጀምራል። እኔ ግን በሙዓዛ አል-አደዊያ ጀምሩ እላለሁ። እሷም የባስራ (የኢራቅ ከተማ) ሴት ናት፤ በዘመን ከራቢያ ትቀድማለች። ከነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት ከእናታችን ዓኢሻ ሐዲስ (የነቢዩን ንግግርና ተግባር የሚዘግብ ቃል) አስተላልፋለች።

ሙዓዛ የብርድ ወራት ሲገባ ስስ ልብስ ትለብስ ነበር ይባላል። ብርዱ እንቅልፍ እንዲነሳትና ሌሊቱን በሶላት እንድታነጋ ነው። ባሏ ሲላና ልጇ ጦር ሜዳ ላይ ወደቁ። ሴቶች ሊያጽናኗት መጡ። «እንኳን ደስ ያለሽ ልትሉኝ ከሆነ ደህና መጣችሁ፤ ለሌላ ከሆነ ግን ተመለሱ» አለቻቸው።

እዚህ ላይ ቶሎ አትለፉ። ልበ ደንዳና ናት ብላችሁም አትፍረዱ። ስለ እሷ የተዘገበውን ሌላውን ቃል ፈልጋችሁ ከጎኑ አንብቡት፦ መኖር የምትፈልገው ወደ አላህ ለመቅረብ ብቻ እንደሆነና ከባሏና ከልጇ ጋር በጀነት እንዲያገናኛት ተስፋ እንደምታደርግ ተናግራለች። ያቺ ሴት ባሏንም ልጇንም ትናፍቃለች። እኔ በጣም የምወዳት ለዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ራቢያ እለፉ። አሁን ወረቀት ያዙና ሁለት ዘመኖችን ጻፉ፤ ባለታሪኳ የሞተችበትንና ጸሐፊው የኖረበትን። ራቢያ ያረፈችው በ801 ገደማ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ብዙ ሰው የሚያውቃቸውን ታሪኮቿን ያሰባሰበው የፋርሱ ገጣሚ ፈሪዱዲን አጣር ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ የመጣ ሰው ነው። በእሱ መጽሐፍ ታዋቂው የባስራ ሊቅ ሐሰን አል-በስሪ ከራቢያ ጋር ሲነጋገር ታነባላችሁ። ሐሰን ግን በ728 ሲሞት እሷ ገና ልጅ ነበረች። ታሪኩን አትጣሉት፤ የኋላ ሰዎች እሷን የቱን ያህል ከፍ አድርገው እንዳዩ ይነግራችኋል።

ስምም ያሳስታል። ራቢያ የሚባል ስም ያላት ሌላም ሴት አለች፤ የሶርያዋ ራቢያ የሱፊው የአህመድ ኢብን አቢ አል-ሐዋሪ ሚስት ናት። የባስራዋ ግን ባል አላገባችም ይባላል። ስለዚህ ከስሙ ጋር ከተማውንም እዩ።

የኒሻፑሩ (በዛሬዋ ኢራን) ጸሐፊ አስ-ሱለሚ (በ1021 የሞተው) ስለ ሱፊ ሴቶች ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። ከ80 በላይ ሴቶች አሉበት። ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል ሲባል ቆይቶ ቅጂው ሪያድ ተገኘ፤ በ1993 ታተመ። ስለ ብዙዎቹ የሚነግረን ጥቂት መስመር ብቻ ስለሆነ በአንድ ቁጭታ ብዙ ሴት አትደራርቡ። ስታነቡ የማን ሚስት እንደነበረች ብቻ ሳይሆን ማን ሊጠይቃት እንደመጣም ፈልጉ። ለምሳሌ የኒሻፑሯን ፋጢማን፣ ታላቁን የግብጽ ሱፊ ዙን-ኑን አል-ሚስሪን የሚያህል ሰው «መምህሬ» ብሏታል።