አሉሚኒየም ሰልፌት ተጨምሮም ውሃው አልጠራ ካለ

ጃር ቴስት (የማጥሪያ ኬሚካሉን መጠን በትንሽ ዕቃ መሞከሪያ) ላይ ድፍርሱ ውሃ አልዘቅጥ አለኝ። ቅንጣቶቹ አይያያዙም፣ ውሃው በማግስቱም እንደደፈረሰ ነው።

መጀመሪያ አሉሚኒየም ሰልፌቱን ከ30 ወደ 60 ሚሊግራም በሊትር ከፍ አደረግኩ። ባሰበት። ማማሰያውን ባፈጥነውም ያው ነው።

ፍንጩ የመጣው ከፒኤች (የአሲድነት) ሜትሩ ነው፦ 4.5፣ ማለትም አሲዳማ። የሸክላ ቅንጣቶች ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ተንሳፈው የሚቀሩትም ለዚህ ነው። አሉሚኒየሙ ይህን ግፊያ ያዳክማል፤ ከዚያ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ቅንጣቶቹን ጠራርጎ ይወርዳል። ይህ በደንብ የሚሆነው ግን ፒኤች ከ6 እስከ 7 ገደማ ሲሆን ነው። 1 ሚሊግራም አሉሚኒየም ሰልፌት ደግሞ ግማሽ ሚሊግራም ያህል አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) ይበላል (በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ)። የእኔ ውሃ አልካሊኒቲው ከመጀመሪያውም ትንሽ ስለነበር ፒኤቹ ወረደ። መጠን መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው የሆነው።

የሠራው ይኸው፦ መጀመሪያ 40 ሚሊግራም በሊትር ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ቀጥሎ 30 አሉሚኒየም ሰልፌት። 1 ደቂቃ በፍጥነት፣ 20 ደቂቃ በዝግታ ማማሰል። ዝግታው ላይ አትቸኩሉ፤ የተያያዘው ይበታተናል። ወዲያው ጉች ጉች ማለት ጀመረ፣ ከዚያም ዘቀጠ።

በባይካርቦኔት ፈንታ ኖራ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን በጥንቃቄ። ፒኤች ከ8 በላይ ሲወጣ አሉሚኒየሙ ተመልሶ ይሟሟል።