ደንገጎ ላይ መኪና ሲቆም

ክረምት ላይ ከድሬ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ጉም ውስጥ የቆመ መኪና አላጣም። መጀመሪያ ጎማው ስር ታኮ አድርጉ፤ ድንጋይም ይሆናል። ስትሄዱ ግን አንሱት አቦ! ለሌላው ሹፌር ጦስ ነው።

ቁልቁለት ላይ በገመድ መጎተት አይሞከርም። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል።

ሌላ ቦታ ስትጎተቱ ዋጋው ገመዱ ከመታሰሩ በፊት ይነገር። እኔ አንዴ "ግድ የለም፣ እንስማማለን" ተብዬ ድሬ ስደርስ የተጠየቅኩት ከጥገናው በለጠ። እስከ የት? በስንት? የጎታቹ መመለሻስ ተቆጥሯል?

ደቻቱ፣ ድሬን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ አሸዋ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና ካያችሁ ግን ሰውን አውጡ፣ መኪናውን ተዉት። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከላይ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣውን አንረሳውም።